«ያምራል» ብቻ አይበቃም፦ የጓደኛን ፎቶ የመገምገም መመሪያ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ካሜራ የያዘ ሰው የሚያነሳው ነገር አያጣም። ጣርማ በር ላይ ጉም አለ። ጓሳ ላይ ጭላዳ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የደብረ ብርሃን ጋሪ ፈረሶች ትንፋሻቸው እየተነነ ያልፋሉ። እኛ የምናጣው ፎቶአችንን አይቶ የተሰማውን በቅንነት የሚነግረን ሰው ነው።

ጓደኛ ሞባይሉን ሲያቀብለን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ይሉኝታ ይይዘንና «በጣም ያምራል፣ እሳት ነው!» እንለዋለን። ወይም አዋቂ መስለን «ፎከሱ ልክ አይደለም፣ ክሮፕ አድርገው» እንለውና ስልኩን እንመልስለታለን። የተሞገሰው የቱ ጋ እንደተሳካለት ሳያውቅ ይሄዳል። የተነቀፈው ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምን ማስተካከል እንዳለበት ሳያውቅ ይሄዳል።

ይህን የጻፍኩት በትርፍ ጊዜያቸው ለሚያነሱ፣ በርካሽ ካሜራም ሆነ በሞባይል ለሚሠሩ፣ ቡና ይዘው አንዳቸው የሌላውን ፎቶ ለሚያዩ ሰዎች ነው። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ፎቶው ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ከማለታችሁ በፊት ምን እንዳያችሁ ተናገሩ።

ፎቶውን በደንብ አግኙት

የተጨመቀ ፎቶ ላይ አስተያየት አትስጡ። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል መጠኑ ይቀንሳል፤ ዝርዝሩም ይሳሳል። ሻተሩ (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) ስንት እንደነበረና አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ስንት እንደነበረ የሚናገረው መረጃም ይጠፋል። ጓደኛችሁ «ፋይል» በሚለው በኩል ይላክላችሁ። ያኔ ዋናው ሳይነካ ይደርሳችኋል።

ስልኩን ይዛችሁ ከፀሐይ ግቡ። የስክሪኑን ብርሃን ከመካከለኛ ከፍ አድርጉት። ማታ መብራት አጥፍታችሁ አልጋ ላይ ሆናችሁ ያያችሁት ፎቶ ከእውነቱ በላይ ደማቅ ይመስላችኋል። ላፕቶፕ ካለ በላፕቶፕ እዩት። ታትሞ ከመጣማ የተሻለ ነገር የለም፤ ወረቀት በጣት ማስፋት ስለማይቻል ዓይናችሁ ሙሉውን ፍሬም ለማየት ይገደዳል።

ባለፎቶውን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «ምኑ ላይ አስተያየት ትፈልጋለህ?» አንዳንዱ ስለ ቀለሙ ብቻ መስማት ይፈልጋል። አንዳንዱ ለሠርግ አልበም የሚሆነውን ከሦስት ፎቶ እንድትመርጡለት ነው የመጣው። የፎቶውን ታሪክ ግን ገና አያውራላችሁ። «ይሄን ለማንሳት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ አንኮበር ድረስ ሄጄ...» ብሎ ከጀመረ ድካሙን ማክበር ትጀምራላችሁ። ፍሬሙ ውስጥ ያለውን ማየት ታቆማላችሁ። ታሪኩን በኋላ ይነግራችኋል፤ ለዚያም ጊዜ አለው።

አንድ ደቂቃ ዝም በሉ

አንድ ደቂቃ ሲነገር አጭር ነው። ፎቶ ይዞ ዝም ለማለት ግን ረጅም ነው። ቢሆንም አሳልፉት። በዚያ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ዓይናችሁ መጀመሪያ የት ሄደ? ቀጥሎ የት ተጓዘ? መጨረሻ ላይ የት ቀረ፣ ወይስ ከፍሬሙ ወጣ?

የቅኔ ቤት ልማድ የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ አስቀድሞ ይሰማል። እርማቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከከበዳችሁ ፎቶውን ገልብጡት። ተገልብጦ ሲታይ ሰው ሰውነቱን፣ ተራራም ተራራነቱን ይተውና ቅርጽ፣ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይቀራል። የትኛው ጥግ ከሌላው እንደሚከብድ ወዲያው ይታያችኋል። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ማየትም ይረዳል፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ዋናው ደማቅና ዋናው ጨለማ ቦታ ብቻውን ይወጣል።

ከዚያ ተናገሩ። ፍርድ ሳትሰጡ ያያችሁትን ብቻ። ለምሳሌ የአውድማ ፎቶ ነው እንበል። «አንድ ሰው በመንሽ እህል ወደ ላይ እየበተነ ነው። ገለባው ወደ ግራ ይሄዳል። ከኋላው ሁለት በሬዎች አሉ። ቀኝ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን አለ። ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ጀሪካኑ ላይ ነው።» እዚህ ላይ ቁሙ። ማንንም አልነቀፋችሁም። ባለፎቶው ግን ጀሪካኑን አሁን አየው። ሲያነሳ አላየውም ነበር፤ ዓይኑ ሰውየው ላይ ነበርና።

ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ ብቻውን ይበቃል። እኔ ከሁሉም በላይ የማምንበትም እርሱን ነው።

ብርሃኑን አንብቡ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ቆዩ፤ በእኛ አገር ደጋ የአብዛኛው ፎቶ ችግርም ውበትም ከብርሃን ይመጣል። መጀመሪያ ጥላውን ፈልጉ። ጥላው ወዴት ነው የወደቀው? ጠርዙ ስል ነው ወይስ የተበተነ? ከዚህ ብቻ ፀሐይዋ የት እንደነበረችና ሰዓቱ ስንት ገደማ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ፀሐይ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣና ቶሎ ሽቅብ ትነሳለች። ለስላሳው ወርቃማ ብርሃን የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። 3 ሰዓት ሲሆን ብርሃኑ ጠንክሯል። የደጋው አየር ስስ ስለሆነ ጥላውም ይጠቁራል። በሚያዝያ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች። በዚያ ሰዓት የተነሳ ሰው ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ ይጠፋል፤ ከአፍንጫው ሥር ጥቁር ጥላ ይወርዳል። ባርኔጣ ካደረገማ ፊቱ ጨርሶ አይታይም። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲመጣላችሁ «ፊቱ ጨልሟል» ብላችሁ አትተዉት። መፍትሔውን አብራችሁ ስጡ፦ በረንዳ ሥር ቢያስገቡት፣ ነጭ ግድግዳ አጠገብ ቢያቆሙት፣ ወይም 11 ሰዓት ድረስ ቢጠብቁ።

የገደል ፎቶ ሲሆን አቅጣጫ ወሳኝ ነው። ከጣርማ በር እስከ አንኮበር ያለው ገደል ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ያዞረ ነው። ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ታገኘዋለች፤ እያንዳንዱ እርከን ይለያል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከደጋው ጀርባ ስትሆን ገደሉ በራሱ ጥላ ይዋጣል። ጓደኛችሁ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከደብረ ሲና መውረጃ ያነሳውን አምጥቶ «ለምን ደበዘዘብኝ?» ቢላችሁ ካሜራው አልበደለም። ሰዓቱ ነው። በዚያው ቦታ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንዲቆም ንገሩት። የጀማ ሸለቆ ደግሞ ከወር ጋር ይለዋወጣል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ አየሩ ታጥቦ ሩቁ ሁሉ ይታያል። በበጋው መጨረሻ በአቧራና በጭስ ብናኝ ይሸፈናል። የየካቲትን ፎቶ ከጥቅምቱ ጋር አታወዳድሩ።

የጋቢና የነጠላ ነገር ደግሞ የየዕለት ፈተናችን ነው። የካሜራ መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ፍሬሙን ነጭ ልብስ ከሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። የጥምቀት ምዕመናን ፎቶ ላይ ልብሱ ግራጫ ሆኖ ፊታቸው የሚጠፋው ለዚህ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። አንድ ባለጋቢ ሽማግሌ በጨለማ ጎጆ በር ላይ ቆመው ከሆነ ካሜራው ጨለማውን ለማብራት ብሎ ጋቢውን ያቃጥለዋል። ሽመናው ይጠፋል፤ ነጭ ባዶ ቦታ ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ ስትገመግሙ ሁለት ቦታ አስፉና እዩ፦ የፊቱን ቆዳና የልብሱን እጥፋት። ሁለቱም ዝርዝር ካላቸው ብርሃኑ ተይዟል። ፊቱ ከጨለመ፣ በካሜራ ላይ የፕላስና ማይነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ወደ ፕላስ 1 ቢያመጣው ይሻለዋል። በሞባይል ከሆነ ፊቱን በጣት ነክቶ ወደ ላይ ሳብ ማድረግ ነው። ጋቢው ከተቃጠለ ወደ ማይነስ። የጨለመ ቦታን በኤዲት ማንሳት በተወሰነ ደረጃ ይቻላል፤ ተቃጥሎ ነጭ የሆነውን ግን ማንም አይመልሰውም።

የቆዳ ቀለም ላይ አጥብቃችሁ ተናገሩ። ፊትን የሚያነጣና የሚያለሰልስ ፊልተር በየሞባይሉ አለ። አንዳንዱ ስልክ ሳይጠይቅ ይጨምረዋል። የእናቶቻችንን ፊት ከነመስመሩ፣ ከነጥቁረቱ ማየት እፈልጋለሁ። ነገሩ ታሪክም አለው። የቀለም ፊልም በነበረ ጊዜ ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች የሚልካቸው የቀለም ማስተካከያ ካርዶች ለብዙ አሥርት ዓመታት ነጭ ሴቶችን ብቻ ነበር የሚያሳዩት። ጥቁር ቆዳ በዚያ ልክ ሲታተም ይጠፋ ነበር። ዛሬ ካሜራው ይችላል። ስለዚህ ጓደኛችሁ የአያቱን ፊት አንጥቶ ካመጣ ዋናውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉና የትኛው አያቱን እንደሚመስል እርሱ ራሱ ይናገር።

ከጎን የሚመጣ ብርሃን ስታገኙ አመስግኑ፤ ለምን እንደሆነም ተናገሩ። የመንዝን ባና ወይም የድንጋይ ቤት ግድግዳ ፊት ለፊት በሚመታ ብርሃን ብታነሱት ልሙጥ ይሆናል። ከጎን ሲመታው ክሩና ድንጋዩ በእጅ የሚዳሰስ ይመስላል። ጀማሪ ይህን ሳያውቅ በአጋጣሚ ሊያገኘው ይችላል። ከነገራችሁት ሁለተኛ ጊዜ አውቆ ያደርገዋል።

ጠርዞቹን ዙሩ

አሁን ዓይናችሁን በፍሬሙ አራት ጠርዝ ላይ አዙሩት። ግማሹ የተቆረጠ እግር አለ? ከሰው አናት ላይ የበቀለ የመብራት እንጨት አለ? የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻውን ጥግ ላይ ተንጠልጥሏል? አብዛኛው የጀማሪ ስህተት ጠርዝ ላይ ነው ያለው። አብዛኛውም ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን በመሄድ ይፈታል። አድማሱ መዝመሙንም እዩ።

ከዚያ ፎቶው ስለ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሞክሩ። «ይህ ፎቶ ስለ...» ብላችሁ ጀምሩ። ሁለት ሦስት ነገር ከመጣባችሁ ፎቶው ራሱ አልወሰነም ማለት ነው።

የሰፊ መልክዓ ምድር ፎቶ ላይ የልኬት ጉዳይ ይመጣል። የጀማን ሸለቆ አፋፍ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ጉልበቱ ይርዳል። ፎቶው ላይ ግን ተራ ኮረብታ ይመስላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፍሬሙ ውስጥ ትልቅነቱን የሚለካ ነገር የለም። አንድ እረኛ፣ አንድ አህያ፣ አፋፉ ላይ ያለች አንዲት ጎጆ ብትገባበት ነገሩ ይለወጣል። ይህን ስትሉ ጓደኛችሁ ሌሎቹን ፎቶዎቹን ያገላብጣል። አንዱ ላይ እረኛ ያገኛል። ብዙ ጊዜ የተሻለው ፎቶ ያላሳያችሁ ነው፤ ስለዚህ «ሌላ ያነሳኸው አለ?» ማለትን ልማድ አድርጉ።

ጭላዳ ላይ የምናየው ችግር ሌላ ነው። ጓሳም ሆነ አንኮበር አካባቢ ጭላዳዎቹ ተቀምጠው ሣር እየነጩ ይበላሉ። ሰው ደግሞ ቆሞ ከላይ ወደ ታች ያነሳቸዋል። ውጤቱ ከሣር ጋር የተጣበቀ ቡናማ ጀርባ ነው። አስተያየታችሁ ስለ ከፍታ ይሁን፦ ካሜራው ወደ እንስሳው ዓይን ደረጃ ይውረድ። አንሺው ይንበርከክ ወይም ይተኛ። ያኔ የወንዱ ጎፈርና የደረቱ ቀይ ይወጣል፤ ከኋላውም ሣሩ ቀርቶ ሰማዩ ወይም የሩቁ ሸንተረር ይመጣል። ቀጥሎ ዓይኑን አስፍታችሁ እዩ። የእንስሳም የሰውም ፎቶ ላይ ወደ እኛ የቀረበው ዓይን ስል ካልሆነ ሌላው ስል መሆኑ አያድነውም። ጭላዳው ወደ ካሜራው የተጠጋው ምግብ ስለተወረወረለት ከሆነም ተናገሩ። እንስሳውን ልመና ማስተማር ነው፤ ጓሳን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየውን ሕዝብም ማሳዘን ነው።

የሰው ፊት በሞባይል በጣም ተጠግቶ ከተነሳ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ስልኩ ካለው በ2 እጥፍ ሌንስ ማንሳት ነው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራችሁ እለፉ።

ደብዝዟል ስትሉ የቱን ማለታችሁ ነው?

«ደብዝዟል» ባዶ ቃል ነው። ድብዘዛ ሦስት ዓይነት ነው፤ የሦስቱም መድኃኒት ይለያያል። ፎቶውን አስፉና ለዩት።

ፍሬሙ ውስጥ ሌላ ስል የሆነ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ሰውየው ደብዝዞ ከኋላው ያለው አጥር ጥርት ካለ፣ ፎከሱ ቦታ ስቷል። መድኃኒቱ የፎከስ ነጥቡን ራስ መምረጥ ነው።

ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትቶ ከሆነ ካሜራው ተንቀጥቅጧል። መደገፊያ ያስፈልጋል፤ ትራይፖድ ከሌለ ግንብ ወይም የመኪና ጣራ ይሆናል። ወይም ሻተሩ ይፍጠን። በእጅ ሲነሳ ሻተሩ ቢያንስ ሌንሱ ላይ በሚሊሜትር የተጻፈውን የትኩረት ርዝመት ያህል ይፍጠን የሚባል የቆየ ልማድ አለ፤ በ200 ሚሊሜትር ሌንስ 1/200 ሰከንድ ማለት ነው።

ቆሞ ያለው ሁሉ ስል ሆኖ የሚንቀሳቀሰው ብቻ ከደበዘዘ ሻተሩ ለእንቅስቃሴው ዘግይቷል። የገና ጨዋታ ላይ ዱላ የሚወዛውዙ ልጆችን ለማስቆም 1/500 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ይህ ግን ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ጋሪ እያለፈ ሳለ በ1/30 አብሮ እየዞሩ ማንሳት ፈረሱን ይዞ መንገዱን ይጎትተዋል፤ ደስ የሚል ፎቶ ነው። አንሺው አስቦበት እንደሆነ ጠይቁ።

ኖይዝ ላይ፣ ማለትም በጨለማ በተነሳ ፎቶ ላይ በሚታየው ነጠብጣብ ላይ፣ ብዙ አትጨነቁ። ከማድቤት ውስጥ፣ በበር ብርሃን ብቻ፣ በ3200 አይኤስኦ የተነሳ የእናት ፎቶ ነጠብጣብ ቢበዛበት ምን አለ? ቅጽበቱ ካለ ኖይዙን ማንም አያይም። ቅጽበቱ ከሌለ ንጹሕ ፎቶ አያድንም። ቅጽበት ስል፣ አውድማው ላይ ገለባው ከመንሹ ተለይቶ አየር ላይ የሆነበትን፣ ግን ገና ያልተበተነበትን ጊዜ ማለቴ ነው። ጓደኛችሁ ከዚያ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከሆነ በተከታታይ አሥር ያህል እንዲያነሳና አንዱን እንዲመርጥ ንገሩት።

ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው

ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ፈቅዷል? ራሱን እንዲህ ሆኖ ቢያየው ምን ይላል? የለቅሶ ቤት፣ የታመመ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተቀመጡ ነዳያን፣ አፍንጫው ያልተጠረገ ሕፃን፤ እነዚህ ፎቶዎች ሲመጡ የብርሃን አስተያየት ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ጥምቀት ላይ ታቦቱን ለማንሳት ሕዝቡን ገፍቶ ካህናቱ እግር ሥር የገባ ፎቶ አንሺም ቢመጣ ንገሩት፤ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር።

ሰው የተከበረበት ፎቶ ያስታውቃል። ሰውየው ቀና ብሎ ያያል፤ እጁ አልተደበቀም። ካሜራውም ከላይ ወደ ታች አላየውም። እንዲህ ያለ ሲገጥማችሁ ያንን ከሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከፈቃድ ጋር የተነሳን ፎቶ አትሞ ለባለቤቱ መስጠትም የሥራው ክፍል ነው። ሰላ ድንጋይ ገበያ ላይ ያነሳችኋቸውን እናት ፎቷቸውን ይዛችሁ ስትመለሱ፣ ቀጣዩን ፎቶ ለማንሳት መለመን አያስፈልጋችሁም።

ከአፋችሁ እንዴት ይውጣ

ሊዝ ለርማን የምትባል አሜሪካዊት የዳንስ ባለሙያ በ1990 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀችው የአስተያየት አሰጣጥ ሥርዓት አለ። ለእኛ ይሉኝታ የተስማማ ሆኖ አግኝቸዋለሁ። አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ተመልካቾች ልባቸው ውስጥ የቀረውን ይናገራሉ። ቀጥሎ ባለሥራው ራሱ ይጠይቃል። ከዚያ ተመልካቾች ፍርድ የሌለበት ጥያቄ ይጠይቃሉ። መጨረሻ ላይ «ስለ ቀለሙ አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ልናገር?» ብለው ፈቃድ ሲያገኙ ብቻ ሐሳባቸውን ይሰጣሉ።

ፍርድ የሌለበት ጥያቄ ማለት ይህ ነው። «ለምንድነው እንዲህ ያጨለምሽው?» ክስ ነው። «ጨለማው ምን እንዲሰማን ፈልገሽ ነው?» ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን የተጠየቀች ልጅ ታስባለች። የመጀመሪያውን የተጠየቀችው ራሷን ትከላከላለች።

ከመካከላችሁ በዕድሜ የገፉ ሰው ካሉ፣ ጡረታ ወጥተው ካሜራ የገዙ መምህር ለምሳሌ፣ አነጋገሩ ይለያል። ይሉኝታው እጥፍ ይሆናል፤ እሳቸው ግን ከሁሉም በላይ መማር የሚፈልጉ ሊሆኑ ይችላሉ። «ጋሼ፣ የወይዘሮዋ እጅ ላይ ዓይኔ ቀርቷል። ጣቶቻቸው ስንዴውን ሲለቅሙ ይታየኛል። ፊታቸው ግን ጥላ ውስጥ ገባብኝ። ትንሽ ወደ በሩ ዞር ብለው ቢቀመጡ ኖሮ እንዴት ይሆን ነበር ብለው ያስባሉ?» እንዲህ ብትሉ ክብራቸው አልተነካም፤ እውነቱም አልተደበቀም። እርስዎ ማለት አስተያየት መደበቅ አይደለም። «ጋሼ ይሄማ ድንቅ ነው» ብሎ ማለፍ ግን እሳቸውን መናቅ ነው።

ቃላት ምረጡ። «አልወደድኩትም» የሚለው ስለ እናንተ ነው የሚናገረው። «ዓይኔ ከሴትየዋ ይልቅ ቀዩ ጃንጥላ ላይ ይሄዳል» የሚለው ስለ ፎቶው ነው። ጣታችሁን ቦታው ላይ አድርጉ። ማስረጃችሁ ፍሬሙ ውስጥ ካልተገኘ ሐሳቡን ተዉት።

ሁሉንም ስህተት አትቁጠሩ። አሥር ነገር የተነገረው ሰው አንዱንም አይዝም። የሠራለትን አንድ ነገር ከነምክንያቱ፣ የሚለወጠውን አንድ ነገር ከነመንገዱ ንገሩት። ስለ ካሜራው ዋጋ አታንሱ። «የተሻለ ሌንስ ቢኖርህ» የሚል አስተያየት ማንንም አስተምሮ አያውቅም፤ ሞባይል ይዞ የመጣውን ልጅ ግን ያሸማቅቃል።

ክሮፕ ስታሳዩ በቃል አትግለጹት። ሁለት ወረቀት ወይም ሁለት መዳፍ ስክሪኑ ላይ አድርጋችሁ ጠርዙን ሸፍኑና አሳዩት። ወዲያው ይገባዋል። ፎቶውን ግን ራሳችሁ ኤዲት አድርጋችሁ አትመልሱለት፤ ሥራው የእርሱ ነው።

ተራው የእናንተ ሲሆን

የእናንተ ፎቶ ሲታይ ዝም በሉ። አታስረዱ። «እሱ እኮ ጊዜ ስላልነበረኝ ነው» አትበሉ። በማስታወሻ ጻፉ። ሦስት ሰው ተመሳሳይ ቦታ ካነሳ እውነት አለው። አንድ ሰው ብቻ ያለው ከሆነ አስቡበትና ወስኑ፤ የመተው መብት አላችሁ። ሁሉም «ያምራል» ብለው ካለፉ እናንተው ጠይቁ፦ «አንድ ነገር አውጡ ብትባሉ ምኑን ታወጣላችሁ?» ይህ ጥያቄ የይሉኝታን በር ይከፍታል።

ማንንም ሳታስቀይሙ መለማመድ ከፈለጋችሁ በታወቁ ፎቶዎች ጀምሩ። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ያነሷቸው ፎቶዎች በየቦታው ይገኛሉ። ለረጅም ዓመታት በቤተ መንግሥት ያነሳው ሽመልስ ደስታም አለ። አንዱን ምረጡና ከላይ ባለው ቅደም ተከተል ሂዱበት። ዓይናችሁ የት ሄደ? ብርሃኑ ከየት መጣ? ጠርዙ ላይ ምን ቀረ? እነዚያን ስታዩ «ያምራል» ማለት አያሳፍርም፤ ግን ለምን እንዳማረ ጻፉ።

በመጨረሻ ቤት ሥራ ስጡ። አስተያየቱን «በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ ተንበርክከህ» በሚል ልክ ቁረጡት። ቦታ፣ ሰዓት፣ ድርጊት። ሲመለስ የድሮውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እንደገና አንድ ደቂቃ ዝም በሉ። አዲሱ ከድሮው ካነሰም ደብቃችሁ አትለፉት፤ ምን እንደጠፋ በጣት አሳዩትና ያንን ይዞ ሦስተኛውን ለማንሳት ይሂድ።